ልኩን በሚኒባስ አትላከው

ኮምቦልቻ የጥርስ ክሊኒክ የሚሠራ አንድ አንባቢ ቸግሮታል። በአልጂኔት፣ ማለትም በውሃ ተቦክቶ አፍ ውስጥ በሚረጋ ዱቄት፣ የጥርስ ልክ ወስዶ፣ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ፣ ደሴ ላለ ላብራቶሪ በሚኒባስ ይልካል። የሚመጣለት ተነቃይ ጥርስ ሦስቴ አልገባ ብሏል። «ልኩ ሲደርስ ፊቱ አልቦት ነበር፣ ልኩ ላይ ጂፕሰም አፍስሰው ያወጡት ሞዴልም እንደ ጠመኔ ይራገፋል አሉኝ። ዱቄቱን ልቀይር?» ይላል።

ወንድሜ፣ «አልቦት» ስትል ገባኝ። ጥፋቱ የዱቄቱ ሳይሆን የመንገዱ ነው።

አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም ይወጣል። ለጥርስ ልክ በጣም የተፈለገው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ቀድሞ ለልክ ያገለግል የነበረው ሌላው የአረም ውጤት፣ አጋር፣ ከጃፓን መምጣቱ ቀርቶ ነበር። ዱቄቱ ውስጥ የአረሙ ጨው፣ ካልሲየም ሰልፌትና ማዘግያ ፎስፌት አለ። ውሃ ሲነካው ካልሲየሙ መጀመሪያ ከፎስፌቱ ጋር ይያያዛል፤ የምታቦካበትን ጊዜ የሚሰጥህ ይሄ ነው። ፎስፌቱ ሲያልቅ የአረሙን ረጃጅም ክሮች እርስ በርስ ያስራል። መረብ ይሆናል፣ ውሃው መረቡ ውስጥ ይያዛል። መረቡ ግን ከረጋም በኋላ መሰብሰቡን አይተውም። እርጎ ላይ አጓት ሲወጣ አይተህ የለ? ያው ነው። እርጥብ ጥጥ ይህን አያስቆምም፤ ውሃ ከጠገበ ጭራሽ ልኩን ያሳብጠዋል። ሞዴልህን ጠመኔ ያደረገውም ያ አጓት ነው፤ ጂፕሰሙ ፊቱ ላይ በደንብ አይጠነክርም።

ስለዚህ ጂፕሰሙን እዚያው ኮምቦልቻ አፍስስ። መጀመሪያ ግን ጓንት! ልኩን በሚወርድ ውሃ እጠብ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠህ ርጭ፣ ፌስታል ውስጥ 10 ደቂቃ ዘግተህ አቆይ፣ አለቅልቅ። ምራቅና ደም ያለበት ነገር ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ በዓይን አይታይም። ከዚያ ወዲያው አፍስስ። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቆይተህ ፈልቅቅ፤ አታሳድረው።

ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀም። አፉ በላስቲክ የታሰረ የዱቄት ከረጢትና በእጅ የሚታጠፍ ርካሽ ትሬይ (የተቦካው ተሞልቶበት አፍ ውስጥ የሚገባው ዕቃ) ካለህ ጣል፤ ስንቱን ልክ አበላሽቶብኛል። ያልገባውን ጥርስ ሞርደው የላኩልህንም አትቀበል። መሞረድ ጥገና አይደለም።

ሳይታጠብና ሳይረጭ ለሾፌር የተሰጠ ልክም ደጋግሞ ደርሶኛል። ሰውዬው በባዶ እጁ ነው የሚይዘው! አሁን የምትልከው ሞዴሉን ነው። በጥጥ ጠቅልለው፣ ደረቅ ጥጥ።