አሞርዛተሩ ተቀይሮም ያልተወ ኳኳታ

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የ1994 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። ጅማ ውስጥ ነው የምነዳት። ወደ ጅሬን ስወጣ ጉድጓድ በነካሁ ቁጥር ከፊት በቀኝ በኩል ኳ ኳ ትላለች። ደህና አስፋልት ላይ ዝም ነው። አንድ ጋራዥ ሁለቱንም የፊት አሞርዛተር (የመኪናውን ንጠት የሚያበርደውን) ቀየረልኝ፣ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በግምት ሌላ ዕቃ እንዳትገዛ። መጀመሪያ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል የሚወጡበት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ በቀስታ እለፍ፣ ከዚያ አንዱን ጎማ ብቻ ጉድጓድ አስገባ። በሁለቱ ዝም ብላ በአንዱ ካንኳኳች፣ እኔ የምጠረጥረው ስታብላይዘር ሊንኩን (የግራና የቀኝ ጎማን በሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ማያያዣ) ወይም የስታብላይዘሩን ጎሚኒ (ዘንጉን የሚይዘውን ላስቲክ) ነው፤ ያ ዘንግ የሚጠመዘዘው ግራና ቀኙ እኩል ሳይንቀሳቀሱ ሲቀሩ ነውና። ለማረጋገጥ ሁለቱንም ሊንኮች አስፈትተህ ሰፈር ውስጥ በዝግታ ትንሽ ንዳት። ድምፁ ከጠፋ አገኘኸው ማለት ነው። ሊንክ ደግሞ ከአሞርዛተር በጣም ይረክሳል፣ ለዚህ ነው ከእሱ መጀመር የነበረበት!

አሞርዛተሩ አዲስ ስለሆነ የላይኛው ብሎን መጥበቁንም አሳይ። ቆመህ መሪ ስታዞር የሚጮህ ከሆነ የላይኛው ኩሽኔታ ነው፣ ፍሬን ስትይዝ አንዴ ጓ ካለ የታችኛው አርም (ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ) ጎሚኒ።

ቴስቲናውን (አርሙን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ግን ዛሬውኑ አሳይ። በክሪክ ተነስታ፣ ጠንካራ ድጋፍ ገብቶላት፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቀው የታችኛው ቴስቲና ከተላወሰ፣ እስኪቀየር አትንዳት፤ ከወለቀ ጎማው እየሄድክ ይታጠፋል።