ፕሮሰሰሩን ልቀይር ወይስ ይቅር?

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፦ ያረጀ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ክፍል) ቢቀየርለት ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

በዩኒቨርሲቲው አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላቸው አባት፦ «ኮምፒውተሬ ኮር አይ3 2100፣ ራሙ 4 ጊጋባይት ነው። አንድ ነጋዴ ኮር አይ7 3770 ብታስገባ እንደ አዲስ ይሆንልሃል አለኝ። ልግዛው?»

አይግዙት፣ አባቴ። ባለፈው ሳምንት ሱቅዎ መጥቼ በዓይኔ ስላየሁ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በፍላሽ ይዛ ቆማ ነበር፤ ፋይሉ እስኪከፈት ከኋላዋ ሦስት ሰው ተሰለፈ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን መስኮት ስናይ ፕሮሰሰሩ 20 በመቶ እንኳ አልደረሰም። ሃርድ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ውሃ ቀጂው ከምንጭ እስኪመለስ ጀበናው ባዶውን በሚጠብቅበት ቤት ቡና አፍይዋን ቢለውጡ ቡናው አይፈጥንም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ቁራጭ መረጃ ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የሚዞር ክፍል የሌለው አዲሱ ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ፣ 1 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላበትም። ስለዚህ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ እና ተጨማሪ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም ይግዙ። ከፎቶ ኮፒ ሳንቲም አጠራቅሞ ለሚገዛ ሰው ያልጎደለውን ዕቃ መሸጥ በጣም ያናድደኛል።

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት፦ የእሱም ኮምፒውተር አይ3 2100 ነው፤ ነገር ግን ኤስኤስዲና 16 ጊጋባይት ራም አለው። አንድ ቪዲዮ አጠናቅቆ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅበታል፤ ፕሮሰሰሩም 100 በመቶ ይሠራል።

አንተ ቀይር። ያለህ ባለ 2 ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚካፈል ክፍል) ነው፤ አይ7 2600 ባለ 4 ኮር ሲሆን በዚያው በሶኬት 1155 (ፕሮሰሰሩ በሚሰካበት ቦታ) ላይ ይገባል። አይ7 3770 ይሻላል የሚሉህ አልተሳሳቱም፤ አይ3 2100 እና አይ7 2600 ሁለተኛ ትውልድ ሲሆኑ እሱ ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ ሆኖም ለሁለተኛው ትውልድ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች (ክፍሎቹ የሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ሦስተኛውን ትውልድ የሚቀበሉት ባዮሳቸው፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ከታደሰ በኋላ ነው። እድሳቱ መሃል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። መብራት እንዴት እንደሚጠፋብን ታውቃለህና ቤትህ ውስጥ ፈጽሞ እንዳትሞክረው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያለው ባለሙያ ዘንድ ውሰደው፤ ዩፒኤሱንም ራስህ ሳታይ እንዳታስነካ። 2600ን ከመረጥክ ደግሞ የኃይል መጠኑ ከ65 ወደ 95 ዋት ስለሚያድግ ማቀዝቀዣው ይህን መቻሉን አረጋግጥ፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም አሳድስ።

«የላፕቶፕ ፕሮሰሰርስ ይቀየራል?» ባለፉት አሥር ዓመታት በተሠሩት በአብዛኞቹ ላይ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ነው የሚመጣው፤ አይቀየርም።

«አይ7 ሁልጊዜ ከአይ5 ይበልጣል አይደል?» አይደለም። ትውልዱን ይዩ፤ የስምንተኛው ትውልድ አይ3 8100 ከሁለተኛው ትውልድ አይ5 2400 ይበልጣል።

አንዲት መምህርት፦ ሁለተኛውን ትውልድ በሦስተኛው ብተካ ዊንዶውስ 11 ይጫንልኛል ወይ?

አይሆንም፣ እህቴ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ይጀምራሉ፤ የእርስዎ ሶኬት ግን ሦስተኛው ላይ ያበቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ለፕሮሰሰር ያሰቡትን ገንዘብ ስምንተኛ ትውልድ ላለው ያገለገለ ኮምፒውተር ያስቀምጡት። የተማሪዎችዎን ውጤትና የፈተና ወረቀቶች ግን ኮምፒውተሩ እስኪገዛ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ።