መልስ፦ የመጫኛ ፋይል ለማዘጋጀት አነስተኛ ኮምፒውተር ትበቃለች?

ፒያሳ በሚገኘው ቢሮዎ እንግዳ መቀበያ ሥራ የፈታች፣ 4 ጊጋባይት ራም ያላት ኮምፒውተር የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል ለማዘጋጀት ብቻ ብትመደብ ትችል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ትችላለች፤ ዊንዶውስም የግድ አያስፈልጋትም፤ መጫኛውን የሚያዘጋጀው ኤንኤስአይኤስ (NSIS) የተባለው ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ስለሚሠራ፣ ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ያለ ዴስክቶፕ ቢጭኑባት ራሙ በአብዛኛው ለሥራው ይተርፋል።

ጥንቃቄ የሚሻው የመጫኛውን ፋይል መጠን ለማሳነስ መጭመቁ ነው። ኤልዜድኤምኤ (LZMA) የተባለው የመጭመቂያ ዘዴ የዲክሽነሪውን (የሚደጋገም ይዘት ለመፈለግ የሚይዘውን የማስታወሻ ቦታ) መጠን አሥር እጥፍ ያህል ራም ስለሚወስድ፣ መጠኑን 64 ሜጋባይት ካደረጉት ከ600 ሜጋባይት በላይ ለዚህ ብቻ ይያዛል። ይህንን ለደንበኛ ለሚለቀቀው ቅጂ ያቆዩትና ለዕለት ተዕለት ሙከራ ዜድሊብ (zlib) የተባለውን ቀለል ያለ መጭመቂያ ይጠቀሙ፤ ፋይሉ ቢተልቅም ቶሎ ያልቃል። የኤንኤስአይኤስን ማስጠንቀቂያ እንደ ስሕተት የሚያስቆጥረውን አማራጭም ቢያበሩት መልካም ነው፤ አለበለዚያ ሰው በማይከታተለው ማሽን ላይ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ አይኖርም።

መብራት በመሃል ቢጠፋ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ተሳስቶ ለደንበኛ እንዳይደርስ፣ መጫኛውን የሚያዘጋጀው ስክሪፕት (የትእዛዝ ፋይል) መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም እንዲጽፍና ሥራው በትክክል ሲጠናቀቅ ብቻ ስሙን እንዲቀይር ያድርጉ። ዩፒኤስ መኖሩ ይህንን አይተካም፤ የአብዛኞቹን ባትሪ ዕድሜ እናውቀዋለንና።

መጫኛው ከእርስዎ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ፊርማ በተመለከተ፣ ከግንቦት 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሚሰጡ የኮድ ፊርማ ሰርተፊኬቶች ምስጢራዊው ቁልፍ በተፈቀደ ሃርድዌር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቁልፉ ያለው በዩኤስቢ ቶከን (ቁልፍ በሚይዝ ትንሽ የዩኤስቢ መሣሪያ) ውስጥ ከሆነ ከማሽኑ ጋር ተሰክቶ ስለሚውል፣ ኮምፒውተሯን ከእንግዳ መቀበያው አንሥተው በሚቆለፍ ክፍል ያስቀምጧት። በፊርማው ላይ የጊዜ ማኅተም (መቼ እንደተፈረመ የሚያረጋግጥ ምልክት) ማሳረፍንም አይዝለሉ፤ ያለ እርሱ ሰርተፊኬቱ ጊዜው ሲያልፍ ቀድሞ ያሠራጯቸው መጫኛዎች ፊርማ አብሮ ዋጋ ያጣል።