ተኝቶ የነበረው ሃርድ ዲስክ ሳይነካ ለምን ይነሳል?

ማክህ ላይ የሰካኸው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ማንም ሳይነካው እየተነሳ የሚሽከረከረው፣ ብዙ ጊዜ ስፖትላይት የሚባለው የማኩ የፍለጋ ፕሮግራም ስለሚቀሰቅሰው ነው። ፋይሎችን ለፍለጋ ሲመዘግብ ዲስኩን ያነሳዋል።

1. ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ስፖትላይትን ክፈት። ሰርች ፕራይቬሲ የሚለውን ተጫንና ዲስኩን ዝርዝሩ ውስጥ ጨምረው። ከዚያ በኋላ ግን ዲስኩ ውስጥ ያለ ፋይል በስፖትላይት አይገኝም።

2. በየሰዓቱ የሚነሳ ከሆነ ታይም ማሽንን፣ ማለትም የማኩን የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) የሚሠራውን ፕሮግራም ጠርጥር። ባክአፑን በቀን አንዴ አድርገው።

ፋይል ሴቭ ልታደርግ ስትል ኮምፒውተሩ ለጥቂት ሰከንድ ድርቅ ይላል? የሴቭ መስኮቱ የተሰኩትን ዲስኮች በሙሉ ስለሚያይ ነው፤ የተኛው እስኪነሳ ይጠብቃል። ለዚህኛው ሴቲንግ በመፈለግ አትድከም። የማትጠቀምበትን ዲስክ ኢጀክት አድርገው (ገመዱን ከመንቀልህ በፊት ከማኩ ላይ በትእዛዝ አስወጣው)፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ዲስኩ ዝም ስላለ ብቻ ገመዱን እንዳትነቅል። እኔ «ተኝቷል» ብዬ ነቅዬ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ሊጽፍ ተነስቶ ኖሮ አንድ ሙሉ ፎልደር ተበላሽቶብኛል። ድምፁ ጠፋም አልጠፋ መጀመሪያ ኢጀክት አድርግ።