ዘንዶዋ የምትኖርበት ሐይቅ በብርድ ወራት ይጎበኛል?

ጥያቄ፦ በጥር ወር ለሥራ ጉዳይ ወደ ቶኪዮ እሄዳለሁ። ሁለት ቀን ስለሚተርፈኝ፣ ዘንዶ የሆነች ልጃገረድ ትኖርበታለች የሚባለውን የታዛዋ ሐይቅ ለማየት አስቤ ነበር፤ ጓደኞቼ ግን «በዚያ ብርድ ምን ይታያል?» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፤ እንዲያውም ጥሩ ጊዜ ነው የመረጡት። በሰሜን ጃፓን፣ በአኪታ ግዛት የሚገኘው ታዛዋ ዙሪያው በረዶ ቢለብስም ውኃው አይጋገርም። 423 ሜትር የሚጠልቅ፣ በጃፓን አቻ የሌለው ሐይቅ በመሆኑ በበጋ ያከማቸው ሙቀት በአንድ ወቅት ብርድ ተሟጦ አያልቅም። ተረቱ ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣል። ታትሱኮ የተባለች ልጃገረድ ውበቷ እንዳይረግፍ ለመቶ ሌሊት በቡድሃ እምነት የምሕረት አምላክ ወደምትባለው ወደ ካኖን ስትጸልይ ከርማ፣ ከአንድ ምንጭ እንድትጠጣ ተነገራት፤ ብትጠጣ ብትጠጣ ጥሟ አልቆርጥ ብሎ በመጨረሻ ዘንዶ ሆነች። ሃቺሮታሮ የተባለው የሌላ ሐይቅ ዘንዶ ወዷት በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ወደ እርሷ ይመጣል፤ ሁለቱ አብረው ስለሚከርሙ ታዛዋ አይጋገርም፣ ጥሎት የሚመጣው ሐይቅ ግን በረዶ ይሆናል ይባላል።

ከቶኪዮ ኮማቺ የተባለው ፈጣን ባቡር በሦስት ሰዓት ገደማ ታዛዋኮ ጣቢያ ያደርስዎታል፤ ወንበሩ ሁሉ አስቀድሞ የሚያዝ ነውና ቲኬትዎን ቀደም ብለው ይቁረጡ። ከጣቢያው እስከ ሐይቁ በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። የሽርሽር ጀልባው በብርድ ወራት አይሠራም።

በምዕራቡ ዳር እ.ኤ.አ. በ1968 የቆመውን ወርቃማ የታትሱኮ ሐውልት ሁሉም ያየዋል። የእኔ ምክር ግን በዚያ ብቻ እንዳይመለሱ ነው። እናቷ ችቦ ይዛ ስትፈልጋት ዘንዶ ሆና ብታገኛት፣ በኀዘን ወደ ውኃው የወረወረችው ችቦ ኩኒማሱ የተባለው ዓሣ ሆነ ይላል ተረቱ። ዓሣው በተፈጥሮ የሚኖረው በታዛዋ ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ለኤሌክትሪክ ኃይልና ለመስኖ ሲባል የታማ ወንዝ አሲዳማ ውኃ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ሲደረግ ግን ከዚያ ፈጽሞ ጠፋ። ደግነቱ አስቀድሞ እንቁላሉ ወደ ሌሎች ሐይቆች ተልኮ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በፉጂ ተራራ ሥር ባለው የሳይ ሐይቅ ውስጥ በሕይወት ተገኘ። በታዛዋ ዳር ለኩኒማሱ የተሠራ ሙዚየም አለና ይግቡ፤ በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ የሚዋኘውን ጠቆር ያለ ገላ ሲያዩ፣ የአገሬው ሰው ለምን ከነደደ ችቦ ጋር እንዳመሳሰለው ይገባዎታል። ከመስታወቱ ማዶ ወዳለው ሐይቅ ግን ገና አልተመለሰም፤ ውኃው እስካሁን ከአሲዱ አልነጻለትም።