መድኃኒቱን ተይውና መጀመሪያ ጎንበስ ብለሽ የጫጩቶቹን ቤት አሽትቺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። “50 የወር ጫጩት ከገዛሁ 5 ቀኔ ነው፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ያስነጥሳሉ፣ ሲተነፍሱ ያንኮራፋሉ፣ 4 ሞቱብኝ፣ የሰው ቴትራሳይክሊን በጥብጬ ልስጣቸው ወይ?” ነው ያልሽው። የራሴን ታሪክ ሰው የጻፈው ነው የመሰለኝ። ከሥር ደግሞ አንዱ “ብርድ ነው፣ ቤቱን ግጥም አድርገሽ ዝጊው” ብሎሻል። እሱን እንዳትሰሚ። እኔ እንዲህ ያለውን ምክር ሰምቼ ነው 31 ጫጩት የቀበርኩት።

በቁጥር ልጻፍልሽ፣ እንዳላምታታሽ።

1. ዛሬውኑ ለዪያቸው። ያመማቸውን ካላመማቸው፣ አዲሶቹን ከቆዩት። የቆዩ ዶሮዎች ካሉሽ መጀመሪያ እነሱን አብልተሽ አጠጥተሽ፣ ወደ አዲሶቹ መጨረሻ ግቢ። ጫማም ቀይሪ። ከእንግዲህ አዲስ ስታመጪ ቢያንስ 3 ሳምንት ለብቻ ይቆዩ። እኔ 60 ጫጩት ገዝቼ ሳመጣ የእናቴ 6 እንቁላል ጣዮች ጓሮ ነበሩ። “ይላመዱ” ብዬ አንድ ላይ ለቀቅኳቸው። በሳምንቱ የእናቴ ዶሮዎችም ማስነጠስ ጀመሩ፣ እንቁላል አቆሙ። እስከ ዛሬ ቡና በተፈላ ቁጥር ታነሳብኛለች።

ሻጩ “ተከትበዋል” ብሎኝ ነበር። የምን ክትባት? መቼ? አልጠየቅኩም። ወረቀትም አላየሁም። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በካርቶን ታጭቀው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ነው የመጡት። በኋላ እንደገባኝ ጫጩት በሽታውን ይዞ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ መንገዱና ድንጋጤው ነው የሚቀሰቅስበት። ያንቺም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም።

2. ቤቱ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

ጊዜው ኅዳር ነበር። እኔ ያለሁት ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የኅዳርን ሌሊት እዚህ ያደረ ያውቀዋል። ማስነጠስ ሲጀምሩ ለራሴ “ብርድ መታቸው” አልኩ። ላስቲክ ገዛሁ። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ደፈንኩ። በሩ ሥር ማዳበሪያ ጠቀጠቅኩ። መብራት ስለሚጠፋ የሸክላ ምድጃ ላይ ከሰል አቀጣጥዬ አስገባሁ። ራሴን ሳደንቅ ነበር እኮ! በነጋታው 5 ሞተው አገኘሁ። “ሙቀቱ አንሷል” ብዬ ሁለተኛ ምድጃ ጨመርኩ። በማግስቱ 9።

እናቴ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ አጠጣቻቸው። ጠቀመም ጎዳም አልልም።

ከዚያ የሞቱትን 2 በፌስታል፣ እያቃተተች ያለችውን አንዷን በካርቶን ይዤ በባጃጅ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፣ ነገር አልፈልግም። ሰውየው ሻይ ፊቱ፣ ስልክ እጁ ላይ። “ስንት ናቸው?” አለኝ ቀና ሳይል። “60 ነበሩ” አልኩት። “ለ60 ጫጩት ነው ሥራ የምታስፈታን? የቀሩትን አርደህ ብላ” አይለኝም! የወር ጫጩት እኮ ነው። ላባውን ብትነጪው የሚተርፈው እፍኝ አይሞላም። የታመመ ዶሮ ብላ የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው። “ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው፣ ሰኞ ና” ብሎ ደመደመው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

በር ላይ ያሉት የጥበቃ አባት “ምን ይዘህ ነው ልጄ?” አሉኝ። ካርቶኑን ከፈትኩላቸው። ጫጩቷን አንስተው ጆሯቸው ላይ አስጠጓት። ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ላባዋን አሸተቱ። “ይህቺ ሽንት ቤት ሽንት ቤት ትሸታለች። ቤቷ አየር የለውም” አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድኩ። በቀን ሦስት ጊዜ እየገባሁ ምንም አልሸተተኝም ነበራ።

ማታ ስገባ የ4 ዓመት ልጄ ተከትሎኝ ገባ። ወዲያው “አባ ዓይኔን!” እያለ እያሸ ወጣ። ያኔ ነው የነቃሁት። እኔ ቆሜ ነው የማሸተው። እሱ ግን ቁመቱ ወደ ጫጩቶቹ ይቀርባል። በርከክ ብዬ ፊቴን ጉዝጓዙ አጠገብ አደረግኩ። አምስት ጊዜ እንኳ አልተነፈስኩም፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጫጩቶቹ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱት ያንን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩሱ ከሚፈስ የመጠጫ ውሃ ጋር ሲቀላቀል አሞኒያ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። መተንፈሻ ቧንቧቸው ውስጥ አቧራና ጀርም ጠርገው የሚያወጡ ጥቃቅን ፀጉር መሳይ ነገሮች አሉ፤ አሞኒያ እነሱን ያሽመደምዳል። ከዚያ በኋላ ቀላሉ ጉንፋን ሳንባ ድረስ ይገባል። የከሰሉ ጭስ ሲታከልበት አስቢው። ከሰል ጭሱ ጠፍቶ ቢፍምም ቤቱ ከተዘጋ ሽታ የሌለው መርዝ ያመነጫል፣ ሰውም ይገድላል።

ስለዚህ ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ክፈቺ። ነፋሱ ከጭንቅላታቸው በላይ ይለፍ እንጂ እነሱን አይምታቸው። የረጠበውን ጉዝጓዝ ዛሬውኑ አውጥተሽ ደረቅ የጤፍ ጭድ አንጥፊ። የሻገተ ጭድ ግን እንዳይሆን፣ ሻጋታው ራሱን የቻለ የሳንባ በሽታ ያመጣል። የደቀቀ ሰጋቱራም አቧራው ያስነጥሳቸዋል። መጠጫውን በጡብ ከፍ አድርጊው፣ በጀርባቸው ልክ። ብርዱን ከፈራሽ የጭድ ሳጥን ሥሪላቸው፤ ዙሪያውንና ክዳኑን ጭድ የተጠቀጠቀበት ሳጥን ማለቴ ነው፣ በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ፣ መብራትም ከሰልም አይፈልግም። ለእሱም መተንፈሻ ቀዳዳ አትርሺ። ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ከዘረጉ ሞቋቸዋል። ቴርሞሜትር ከሌለሽ እነሱን እያቸው።

3. መድኃኒት። የሰው ቴትራሳይክሊን አይሆንም። በግምት ካፕሱል እየፈታሽ ስትበጠብጪ ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል፣ በሽታውንም መድኃኒት ታለማምጂዋለሽ። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ውሃውን ቢጫ ከማድረግ በቀር ያየሁት ለውጥ የለም። የጥበቃው አባት በግሉ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ጠቁመውኝ የሞቱትን ወሰድኩለት። በመቀስ ቀደዳቸው። የአየር ከረጢት የሚሉት ስስ ሽፋን ደፍርሷል፣ እንደ አይብ የረጋ ቢጫ ነገር ተለጥፎበታል። “ማይኮፕላዝማ ሳይሆን አይቀርም፣ ቤትህ አባሰው” አለኝ፤ መተንፈሻቸውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው። ታይሎሲን የሚባል የእንስሳት አንቲባዮቲክ በውሃ ለ5 ቀን አዘዘልኝ። መጠኑን አልጽፍልሽም፣ እንደ ክብደታቸውና እንደ ሕመሙ ስለሚለያይ። አንቺም የሞተውን ሳይበሰብስ ለባለሙያ አሳዪ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተሻላቸው ብለሽ ግን እንዳታቋርጪ።

አንገታቸው ከተጠማዘዘ፣ አረንጓዴ ካስቀመጣቸውና በ2 በ3 ቀን ግማሹ ከረገፈ ግን ፈንግል ጠርጥሪ። ፈንግል ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። የሞቱትን በኖራ በጥልቁ ቅበሪ። ወደ ቀሃ ወንዝ የሚወረውሩ ሰዎች አሉ፣ ነውር ነው። የተረፉትንም ቅዳሜ ገበያ አውጥተሽ አትሽጪ፣ ለሌላው ማከፋፈል ነው።

4. ክትባት። “ፈንግል ይሆናል” ብለሽ ተደናግጠሽ እያስነጠሱ ላሶታ የሚባለውን የፈንግል ክትባት እንዳትሰጪያቸው። ላሶታ ሕያው ክትባት ነው፣ የታመመ መተንፈሻ ላይ ሲጨመር ሕመሙን ያባብሰዋል። ከዳኑ በኋላ ሐኪሙ ቀን ይቁረጥልሽ። ያኔም ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አትበጥብጪው፣ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ባለሱቁ ከመደርደሪያ ላይ አንስቶ ከሰጠሽ ጥለሽው ውጪ።

ከ60 የተረፉት 29 ናቸው። የጫጩቱ ብቻ 15 ሺህ ብር ነበር፣ ግማሹ መሬት ገባ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዙር አስገብቻለሁ። ባለፈው 100 አስገብቼ የሞቱት 3 ብቻ ናቸው። ሰውየው ቢሮው ውስጥ አሁንም ካለ እንቁላል ይዤለት ልሄድ አስቤ ነበር፣ ባለቤቴ ከለከለችኝ። ለጥበቃው አባት ግን በየአውዳመቱ አንድ ዶሮ እወስዳለሁ።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዛሬ ማታ ሁሉም ሲተኙ መብራቱን አጥፍተሽ፣ ሳትናገሪ አምስት ደቂቃ እዚያው ተቀመጪ። በጨለማ ነው ትንፋሻቸው በደንብ የሚሰማው። ስንቱ እንደሚያንኮራፋ ቁጠሪ፣ ዓይንሽን ያቃጥልሽ አያቃጥልሽም እይ፣ ከዚያ እዚሁ ሥር ጻፊልኝ። ነቅቼ እጠብቅሻለሁ።