ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ የተመለሰው ቫይረስ

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬን ቫይረስ ስላገኘው ደንበኞች ፍላሻቸውን በሰኩ ቁጥር ፎልደሮቻቸው ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመራ አቋራጭ) ይሆኑባቸዋል። ደብረ ብርሃን ድረስ ወስጄ ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደረግሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። አሁን የሚጠግንልኝ ባለሙያ «ሃርድ ዲስኩን ቀይረው» ይለኛል። ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ያለው የዓመታት ሥራዬ፣ የሰው ውልና ማመልከቻ፣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ እስካሁን አላስነካሁትም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ሃርድ ዲስኩን አይቀይሩ። የዚህ ዓይነት ቫይረስ በትክክል ከጸዳ ዲስክ ላይ በራሱ አይነሣም፤ የሚመለሰው ካልጸዳ ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ በደብዳቤዎ ላይ ተጽፏል፦ ሁለቱንም ጊዜ የጸዳው ዊንዶውስ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ሲ፣ ብቻ ሲሆን ዲ አልተነካም።

ሲን ብቻ ማጽዳት በጥገና ቤቶች ዘንድ የተለመደ ነው፤ የደንበኛው ሰነድ እንዳይጠፋ ታስቦ የሚደረግ ስለሆነም ባለሙያውን በክፉ አንመለከተውም። ችግሩ ግን ዲ ላይ ከሰነዶቹ ጎን ብዙውን ጊዜ «ሶፍትዌር» የሚባል ፎልደር መኖሩ ነው፤ በውስጡም ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የኖሩ የኦፊስ፣ የአማርኛ መጻፊያና የፎቶ ማስተካከያ መጫኛዎች ከነክራካቸው (ፕሮግራሙን ያለ ክፍያ ከሚከፍተው ፋይል ጋር) ተከማችተዋል። አዲሱ ዊንዶውስ ተጭኖ እንዳበቃ ይህ ፎልደር ይከፈታል፤ ክራኩ እንዲሠራ ጸረ ቫይረሱ ይጠፋል፤ ከዚያም መጫኛው ይነካል። የጸዳው ኮምፒውተር በዚያችው ሰዓት ተመልሶ ሊበከል ይችላል። ጸረ ቫይረስ ካልጠፋ አልጫንም የሚል ፕሮግራም የቱንም ያህል ቢያስፈልግዎ የሰው ውል በሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ ሊጫን አይገባም ብለን እናምናለን። ለአማርኛውም ቢሆን ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ኪማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል።

ሁለተኛው መግቢያ ፍላሽ ነው። ከተበከሉት ፍላሾች አንዱን፣ በውስጡ ያለውን ምንም ሳይከፍቱ፣ በቅርብ ይመልከቱት፦ ፎልደር በሚመስለው ምልክት ግርጌ፣ በግራ በኩል፣ ትንሽ የታጠፈች ቀስት አለች፤ መጠኑም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ቢሆን ነው። እውነተኛው ፎልደር አልጠፋም፤ እዚያው ተደብቋል። ደንበኛው ሾርትከቱን ሲከፍት መጀመሪያ የቫይረሱ ፋይል ይነሣል፤ ወዲያው ደግሞ የተደበቀው ፎልደር ይከፈትለታል፤ ሰውየውም ፋይሉን ስላገኘ አንዳች ነገር የተፈጠረ አይመስለውም። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፍላሽ ስለተሰካ ብቻ በውስጡ ያለ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ ስለተደረገ፣ ይህ ቫይረስ ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጋል።

እንግዲህ ሥራውን ከሰነዶቹ ይጀምሩ። በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ምትክ በነፃ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንትን ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው በፍላሽ ያዘጋጁና የእርስዎን ኮምፒውተር በዚያ ፍላሽ ያስነሡት፤ መጫን አያስፈልግም። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስ በሊኑክስ ላይ ስለማይነሣ ዲን ያለ ስጋት ከፍተው፣ የተደበቁትንም ፋይሎች አስወጥተው፣ ወደ አዲስ ኤክስተርናል ዲስክ መቅዳት ይችላሉ። የሚቀዱት ግን የወርድና የኤክሴል ሰነዶችን፣ ፒዲኤፎችንና ፎቶዎችን ብቻ ነው። ስማቸው በኢኤክስኢ (.exe)፣ በቪቢኤስ (.vbs)፣ በባት (.bat) ወይም በኤልኤንኬ (.lnk) የሚያበቃ ፋይሎች፣ የ«ሶፍትዌር»ም ፎልደር በሙሉ፣ እዚያው ይቅሩ። ቀድተው ሲጨርሱ ዐሥር ያህል ሰነዶችን ከኤክስተርናሉ ላይ ከፍተው ያረጋግጡ፤ ከዚያም ኤክስተርናሉን ነቅለው ያስቀምጡት፤ ሳይነቀል ቀርቶ በሚቀጥለው ሥራ አብሮ ቢጠፋ መመለሻው ከባድ ነውና።

የዊንዶውሱን መጫኛም በዚያው ንጹሕ ኮምፒውተር፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ብቻ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ያዘጋጁ። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ደብረ ብርሃን በሚወርዱበት ቀን ጥሩ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ቢያወርዱት ይቀልላል። «ተከፍቶ የተዘጋጀ» ተብሎ የሚሰጥዎትን ዊንዶውስ ግን አይቀበሉ፤ ማን ምን እንደጨመረበት ማወቂያ የለዎትም። ሲጭኑ የፓርቲሽኖቹ (የዲስኩ ክፍሎች) ዝርዝር በሚመጣበት ገጽ ላይ ሲን፣ ዲንና ትንንሾቹንም ሁሉ አንድ በአንድ ይሰርዙ፤ ያልተከፋፈለ አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር በእርሱ ላይ ይጫኑ።

ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የሚችል እንደሆነ እርሱን ይምረጡ፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታና ቲፒኤም 2.0 (TPM) የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አሮጌ ማሽን ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን ሊብረኦፊስ ከተባለው ነፃ የጽሕፈት ፕሮግራም ጋር ጭኖ መጠቀም ለጽሕፈት ቤት የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም።

ከተጫነ በኋላ ምንም ፍላሽ ሳይሰኩ ዊንዶውሱን ያዘምኑ፤ አብሮት የሚመጣው ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ መሥራቱን አይተው ኤክስተርናሉን ያስፈትሹና ሰነዶቹን ይመልሱ። የፋይል ማሳያውን ከፍተው የተደበቁ ፋይሎችና የፋይል ስም ቅጥያዎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ «ውል» የሚል ሰነድ መስሎ የመጣ ነገር ስሙ በኢኤክስኢ የሚያልቅ ከሆነ ያን ጊዜ በዓይንዎ ያዩታል። በተበከለው ኮምፒውተር የከፈቷቸውን የኢሜይልና የቴሌግራም ይለፍ ቃሎችም ከስልክዎ ላይ ይቀይሩ።

በመጨረሻም፣ በእነዚህ ወራት በሱቅዎ ውስጥ የተሰኩትን የራስዎን ፍላሾች፣ ከመሳቢያው እስከ ልጆችዎ የትምህርት ቤት ቦርሳ ድረስ ፈልገው ይሰብስቡ። ሰነዶቻቸውን በዚያው በሊኑክሱ በኩል ያውጡና ፍላሾቹን ፎርማት ያድርጓቸው፤ ይህ ሳይሆን አንዱም ወደ አዲሱ ዊንዶውስ አይሰካ።